ማርነር ከሄደ በኋላ፦ ሜፕል ሊፍስ በሚቀጥለው ጥሎ ማለፍ የት ይደርሳል?

ስለ ቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ፣ በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ (NHL) ስለሚጫወተው ቡድናችን፣ ይህን ክር በ2025 የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ በዛ። ዘግይታችሁ የምትገቡ ሁሉንም ማንበብ እንዳይታክታችሁ፣ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ ቃል ላስቀምጥ። ቀኑና ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ገንዘቡ ሊጉ እንደሚቆጥረው በአሜሪካ ዶላር ነው።

መጀመሪያ የጻፍኩት ይሄ ነው።

ሚች ማርነር ሄደ። ጁላይ 1 ቀን 2025 ነጻ ዝውውሩ ከመከፈቱ በፊት ቶሮንቶ የ8 ዓመት ውል አስፈርሞ ለቬጋስ ጎልደን ናይትስ ሰጠው። በዓመት 12 ሚሊዮን፣ በጠቅላላው 96 ሚሊዮን። በልዋጩ የመሃል ተጫዋቹ ኒኮላ ሯ መጣ። ማርነር እዚያው ማርካም ያደገ፣ በ2015 ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት፣ 4ኛ ሆኖ የተመረጠ ልጅ ነው። በሰማያዊው ማሊያ 657 ጨዋታ ተጫውቶ 741 ነጥብ ሰብስቧል፤ ግብና ለግብ ያቀበለው ተደምሮ ማለት ነው። ባለፈው የውድድር ዘመን ብቻ 27 አግብቶ 75 አቀብሏል። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ተጫዋች አይተካም።

ግን የኔ እምነት እንዲህ ነው። ቡድኑ በ82ቱ መደበኛ ጨዋታ ትንሽ ይደክማል፣ በጥሎ ማለፉ ግን ይጠነክራል። ማርነር የለቀቀው 12 ሚሊዮን ለሦስት ሰው ተከፍሏል፦ ለሯ፣ ከቫንኩቨር ለመጣው ዳኮታ ጆሹዋ፣ ከዩታ ለመጣው ማቲያስ ማቼሊ። ሦስተኛው መስመር፣ ማለትም በተራ ወደ በረዶው የሚገባው ሦስተኛው የአጥቂዎች ስብስብ፣ ጠንከር አለ። እኔ ይሄን ቡድን ከልቤ ነው የምወደው፣ ለዚህም ነው በግልጽ የምጠይቀው፦ ተሳስቻለሁ?

ይሄው ነበር ጥያቄዬ።

1ኛው መልስ በአክብሮት ተስማማ። ሯም ጆሹዋም ቁመታቸው 1 ሜትር ከ90 ያልፋል፣ ከግቡ ፊት ቆመው የሚገፈትሩ ናቸው አለ። ባለፈው ማርች ከፊላደልፊያ የመጣው ስኮት ላውተንም አሁን ዘመኑን ከቡድኑ ጋር አብሮ ይጀምራል። አሰልጣኙ ክሬግ ቤሩቤ በ2019 ሴንት ሉዊስን የሊጉን የስታንሊ ዋንጫ ያስበላው በእንዲህ ዓይነት ተጫዋቾች ነበር ብሎ ጨረሰ።

2ኛው መልስ ሒሳቤን አረመ። ስህተቴን ያሳየኝ ደግሞ በትህትና ነው፤ አመሰግነዋለሁ። የማርነር የድሮ ውል 12 ሚሊዮን አልነበረም። በደመወዝ ጣሪያው ላይ፣ ማለትም አንድ ቡድን ሊከፍል በሚፈቀድለት ጠቅላላ ደመወዝ ላይ፣ የሚይዘው 10.9 ሚሊዮን ነበር። 12ቱ ቬጋስ የሚከፍለው ነው። ከዚያ ቁጭ ብሎ አሰላው። የመሃል ተጫዋቹ ጆን ታቫሬስ ከ11 ሚሊዮን ወደ 4.38 ሚሊዮን ወርዶ ለ4 ዓመት ፈረመ። እዚያ ላይ 6.6 ሚሊዮን ተረፈ። አጥቂው ማቲው ናይስ ደግሞ ከ925 ሺህ ወደ 7.75 ሚሊዮን ወጥቶ ለ6 ዓመት ፈረመ። ያ ጭማሪ 6.8 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ ታቫሬስ ያተረፈውን ናይስ ወሰደው፣ ሁለቱ ተካካሱ። የማርነር 10.9 ላይ ደግሞ ሯ 3 ሚሊዮን፣ ጆሹዋ 3.25፣ ማቼሊ 3.425 ያዙ። ሲደመር 9.7 ገደማ።

ይህን ሳነብ ነው ነገሩ ቁልጭ ብሎ የታየኝ። የዘንድሮው የቡድኑ ለውጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ አንድ ኮከብ ወጣ፣ ሦስት መካከለኛ ተጫዋች ገባ። ከዚያ በኋላ የመጡት መልሶች ሁሉ የሚከራከሩት በዚሁ ላይ ነው፣ ሳያውቁትም ቢሆን።

3ኛዋ መልስ ሰጪ ስለ ዝውውር ምንም አላለችም። ሜይ 18 ቀን ከፍሎሪዳ ጋር የተደረገውን፣ ዙሩን የሚወስነውን 7ኛ ጨዋታ ከስታዲየሙ ውጭ ባለው አደባባይ ከልጇ ጋር ቆማ እንዳየች ጻፈች። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ 0 ለ 0 አለቀ። ሁለተኛው ላይ ፍሎሪዳ ሦስት አገባ። የኛው ማክስ ዶሚ አንድ አግብቶ 3 ለ 1 ሲያደርግ ልጇ ትከሻዋ ላይ ዘለለ፣ ብዙም ሳይቆይ ፍሎሪዳ አራተኛውን አገባ። 6 ለ 1 ተሸነፍን። ልጁ ወደ ቤት ሲሄዱ የማርነርን 16 ቁጥር ማሊያውን አውልቆ በእጁ ይዞት ነበር አለች። ይናፍቀኛል ወይስ ተገላገልኩ፣ እስካሁን አልለየልኝም ብላ ተወችው። ብዙዎቻችን ያለንበት ስሜት ይሄ ይመስለኛል።

4ኛው መልስ ወደ 1ኛው ተመለሰና ድምፁን ጠንከር አደረገ። ቁመት ዋንጫ አያመጣም ባይ ነው። ማርነር በጥሎ ማለፍ ጠፋ የሚባለው ውሸት ነው ብሎ ቁጥር አመጣ፦ በ70 የጥሎ ማለፍ ጨዋታ 63 ነጥብ፤ ባለፈው ሜይ ባበቃው ጉዞ ደግሞ በ13 ጨዋታ 13 ነጥብ።

5ኛው ያንን ሳያስተባብል ሌላ ቁጥር አቀረበ። በማርነር ዘመን ቶሮንቶ ስድስት ጊዜ 7ኛ ጨዋታ ደረሰ፣ ስድስቱንም ተሸነፈ። በ2018፣ በ2019 እና በ2024 በቦስተን። በ2021 በሞንትሪያል፣ ያውም ዙሩን 3 ለ 1 እየመራ። በ2022 በታምፓ። በ2025 በፍሎሪዳ፣ እሱንም ዙሩን 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ። በ2020 ደግሞ በአምስት ጨዋታው ዙር በኮሎምበስ። ነጥቡ የተሰበሰበው በየትኞቹ ጨዋታዎች እንደሆነ እዩ ነው ያለው። የመጨረሻው ዋንጫ የ1967 መሆኑንም ማንም ሳይጠይቀው ጨመረበት።

6ኛው አጭር ነበር። ስድስቱን ሽንፈት የተሸነፈው ማርነር ብቻውን ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አጥቂዎቹ ኦስተን ማቲውስም፣ ዊልያም ኒላንደርም፣ ተከላካዩ ሞርጋን ራይሊም አብረው ነበሩ። እነሱ ዛሬም አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ቀጥታ የመለሰለት ግን የለም።

7ኛዋ ረጅሙን ጻፈች። ከሁሉም ያስተማረኝ እሱ ነው። እሷ እንደምትለው ሰው ስለ ማርነር ሲያወራ ስለ ማቀበል ብቻ ያወራል። እውነተኛው ክፍተት ግን ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው፣ ፓኩን፣ ማለትም የሚጫወቱበትን ጠፍጣፋ ጎማ፣ ከራሳችን ግብ ፊት ወስዶ ተጋጣሚ ሜዳ ድረስ ይዞ የሚገባው እሱ ነበር። ማቲውስ ለመተኮስ ተመቻችቶ የሚቆመው ሌላ ሰው ፓኩን ስለሚያመጣለት ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው በቅጣት ወጥቶ በአራት ስንከላከል በረዶው ላይ የሚላከው እሱ ነበር። በ2023 ለሴልኪ ሽልማት፣ ማለትም በመከላከልም ለተመሰገነ አጥቂ ለሚሰጠው፣ ከሦስቱ የመጨረሻ ዕጩዎች አንዱ ሆኗል። በክንፍ ለሚጫወት ሰው ይሄ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ክብር አይደለም። አንድ ሰው አይደለም የሄደው፣ በአንድ ማሊያ ውስጥ የነበሩ ሦስት ሥራዎች ናቸው አለች።

ከዚያ ሥራዎቹን ለማን እንደምትሰጥ ዘረዘረች። የቅጣት መከላከሉን ሯና ላውተን ሊይዙት ይችላሉ። ፓወር ፕሌዩን፣ ማለትም ተጋጣሚ በቅጣት ሰው ሲጎድልበት የምናጠቃውን፣ ኒላንደር ይመራዋል፣ ባለፈው ዘመን 45 ግብ ያገባ ሰው ነው። ፓኩን ተሸክሞ መግባቱ ግን ባለቤት አጣ። እዚያ ላይ ስትደርስ ማቼሊ ብላ ጥያቄ ምልክት አድርጋ አቆመች።

8ኛው ያንን ጥያቄ ምልክት አነሳ። ማቼሊ በ2023 እና 24 በአሪዞና 57 ነጥብ ነበረው። ቡድኑ ወደ ዩታ ከዞረ በኋላ ግን በ55 ጨዋታ 18 ብቻ። ቶሮንቶ የሰጠበት የ2027 ድራፍት የሦስተኛ ዙር ምርጫ ነው፣ እሱም ከነቅድመ ሁኔታው። ዋጋው ራሱ ምን ያህል እርግጠኛ እንዳልሆኑ ይናገራል ይላል። ግን ሰውየው ዓይን ያለው አቀባይ ነው፣ ከማቲውስ ጎን ቢሰለፍ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል ብሎ ተስፋ አደረገ። እኔም እዚህ ላይ ከሱ ጋር ነኝ።

9ኛው ከርዕሱ ትንሽ ወጣ፣ ግን ጠቃሚ ነበር። ሰው ሁሉ ማርነር በነጻ ይሄድ ነበር፣ ለምን ቬጋስ ሯን ሰጠ እያለ ስለሚጠይቅ ደንቡን አስረዳ። በዚያን ጊዜ ደንብ የ8 ዓመት ውል መስጠት የሚችለው ተጫዋቹ ያለበት ቡድን ብቻ ነበር። ሌላው እስከ 7 ነበር። ቬጋስ ስምንተኛውን ዓመት ፈለገ፣ ያንን ዓመት የሚሸጠው ደግሞ ቶሮንቶ ብቻ ነበር። ስለዚህ የያኔው የቶሮንቶ ዋና ሥራ አስኪያጅ ብራድ ትሬሊቪንግ ባዶ እጁን ከመቅረት ሯን አገኘ። ማርነር ዝውውርን እንቢ የማለት መብት በውሉ ስለነበረው ከዚያ በላይ ማግኘት ከባድ ነበር።

10ኛው ላይ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ሌላ መንገድ ያዘ። ማርነር የሄደው ለግብር ሲል ነው አለ። በኦንታሪዮ ከፍተኛው ገቢ ላይ ያለው የግብር ምጣኔ 53.53 በመቶ ነው። ኔቫዳ የክፍለ ግዛት የገቢ ግብር የለባትም፣ የፌዴራሉ ከፍተኛ ምጣኔ ደግሞ 37 በመቶ ነው። እንዲህ ባለ ሊግ ውስጥ የካናዳ ቡድን እንዴት ይወዳደራል ብሎ አማረረ።

11ኛው በአንቱታ ጀመረ። እርስዎ ያሉት ቁጥር ልክ ነው፣ ግን ተጫዋች ከሜዳው ውጭ ሲጫወት በየሄደበት ግብር ይከፍላልና ልዩነቱ እንደሚባለው አይሰፋም አለ። ፍሎሪዳንም ምሳሌ አደረገ። የፍሎሪዳው ቡድን ፓንተርስ ከ1996 በኋላ እንደገና አንድ የጥሎ ማለፍ ዙር እስኪያሸንፍ እስከ 2022 ጠብቋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ፍሎሪዳ የገቢ ግብር አልነበራትም። ግብሩ ዋንጫ የሚያመጣ ቢሆን ያኔስ የት ነበር?

10ኛው ተመልሶ በ12 ቁጥር ጻፈ። እርስዎ መባሉ ቀርቶ አንተ ሆነ። ሆኪ የማያውቅ ሰው ስለ ሒሳብ አያስተምረኝ ዓይነት ነገር አለው። 11ኛውም በ13 መለሰለት፣ እሱም አንተ ብሎ። ከዚያ በላይ አልደግመውም። ሁለቱም የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፣ ንግግራቸው እዚያ ደረጃ ላይ መድረሱ አሳዝኖኛል።

14ኛው የተናደደው በእኔ ነው። ክሩን የከፈተው ሰው ራሱን እያጽናና ነው ብሎ ጻፈ። 102 ነጥብ ያለው ተጫዋች ወጥቶ ቡድን ጠነከረ የሚል ሰው ሐዘንተኛ እንጂ ተንታኝ አይደለም አለ። ባለፈው ዘመን 108 ነጥብ ሰብስበን ምድቡን አንደኛ ሆነን ጨርሰን እንኳ ያየነውን አይተናል፣ ያለሱ ምን ሊመጣ ነው ባይ ነው።

15ኛው የእኔ መልስ ነው። ቃሉ አመመኝ፣ ግን ግማሹ እውነት ነው። በጥሎ ማለፉ ይጠነክራል ያልኩት ቸኩዬ ነው። 7ኛዋ ካለችው በኋላ ያንን አባባል ይዤ መቆም አልቻልኩም። ልሟገትለት የምችለው ከዚያ ያነሰ ነገር ነው፦ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ መስመር ላይ ያልተንጠለጠለ ሆኗል። ፍሎሪዳ ያሸነፈን በሦስተኛው መስመሩ ነበር። በ7ኛው ጨዋታ አንቶን ሉንዴልና ኤቱ ሉኦስታሪነን ሲያገቡ የኛ ሦስተኛ መስመር የት ነበር? ሯ፣ ጆሹዋና ላውተን ለዚያ ጥያቄ የተሰጡ መልስ ናቸው። በቂ ናቸው ወይ የሚለው ሌላ ነው።

16ኛው ሁላችንንም ወደ ኦስተን ማቲውስ መለሰን። በ2023 እና 24 የውድድር ዘመን 69 ግብ ያገባ ሰው ባለፈው ዘመን በ67 ጨዋታ 33 ብቻ አገባ። በኖቬምበር ለሕክምና ጀርመን ድረስ ሄዷል። ሰውነቱ ዘመኑን ሙሉ ልክ አልነበረም። በ16ኛው አስተያየት ስለ ማርነር የምንጨቃጨቀው ከንቱ ነው፤ ማቲውስ ጤነኛ ከሆነ ቡድኑ የማርነርን ነጥብ ግማሽ ከሱ ያገኛል፣ ካልሆነ ሦስት ሯ ቢመጣም አያድንም። ከመልሶቹ ሁሉ አጭርና ትክክለኛው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

17ኛዋ ስለ ጆሹዋ ጻፈች፣ ክሩም ትንሽ ለሰለሰ። በ2014 ድራፍት የመረጠው ራሱ ቶሮንቶ ነበር። አንድም ጨዋታ ሳያጫውተው ለሴንት ሉዊስ ሰጠው። ከ11 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ፣ ዋጋውም የ2028 የአራተኛ ዙር ምርጫ ነው። በ2023 እና 24 በቫንኩቨር 18 ግብ አግብቶ ነበር። ከዚያ ካንሰር ተገኘበትና ቀዶ ሕክምና አደረገ፣ ያለፈው ዘመንም በዚያ ተበላሸበት። እሷ ራሷ ከተመሳሳይ ሕመም የዳነ ወንድም አላት። ሰው ከዚያ በኋላ ጉልበቱ እስኪመለስ ዓመት እንደሚፈጅበት በቤቷ አይታለች። ስለዚህ ያለፈው ዘመን ቁጥሩን አይታችሁ አትፍረዱበት ብላ ለመነች። ሦስት ሰዎች ከሥሯ አመሰገኗት፤ 18፣ 19 እና 20 ቁጥር እነሱ ናቸው።

21ኛው የቬጋስ ደጋፊ ሆኖ ተገኘ። በጨዋነት ነው የገባው። ሯ በ2023 ዋንጫ ሲያነሱ አብሯቸው ነበር፣ በመጨረሻ ደቂቃዎች የምታምኑት ሰው ነው አለን። እነሱም ያለ ጭንቀት አልገዙም፤ ተከላካያቸው አሌክስ ፒየትራንጀሎ በዳሌው ጉዳት ምክንያት ከጨዋታ ርቋል። ማርነርን ደግሞ በፌብሩዋሪው የአራት አገሮች ውድድር እንደወደደው ተናገረ። በፍጻሜው ማክዴቪድ አሜሪካ ላይ ያገባትን የጭማሪ ሰዓት ግብ ያቀበለው ማርነር ነበር። እኔም ያን ቀን ጮሄ ነበር። የሚገርመው፣ ስለ ማርነር የተጻፈው ደግ ቃል ከሌላ ቡድን ደጋፊ መምጣቱ ነው።

22ኛው አስጨናቂውን ነገር አነሳ። ይህ ቡድን በማርች ዝውውሩ ከመዘጋቱ በፊት ሰው ቢጎድልበት በምን ይገዛል? የ2025 የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ምርጫ ለጄክ ማኬብ ወደ ቺካጎ ሄዷል። የ2026ቱ ለብራንደን ካርሎ ወደ ቦስተን። የ2027ቱ ለላውተን ወደ ፊላደልፊያ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ምርጫው በጣም ከፍ ካለ የሚጠብቃቸው ቅድመ ሁኔታ አላቸው፣ ግን ማንም በዚያ ላይ አይመካም። ጣሪያው በዚህ ዘመን 95.5 ሚሊዮን ሆኗል፣ በሚቀጥለው 104 ይሆናል። ገንዘብ ይኖራል፣ የሚለወጥ ዕቃ ግን የለም። ይህን እኔ በፖስቴ ጨርሶ አላሰብኩትም።

23ኛው ማንም ስለ ተከላካዮች አላወራም ብሎ ተቆጣ። ታኔቭ፣ ማኬብ፣ ካርሎ፣ ኤክማን ላርሰን፣ ራይሊ፣ ቤኑዋ፤ ሁሉም አሉ። ግብ ጠባቂዎቹም ያው ሁለቱ ናቸው። አንቶኒ ስቶላርዝ ባለፈው ዘመን ከተሞከረበት 92.6 በመቶውን አድኗል። በፍሎሪዳው ዙር የመጀመሪያ ጨዋታ ተጎድቶ ባይወጣ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር ይላል። ጆሴፍ ዎል በቦታው ገብቶ 6ኛውን ጨዋታ 2 ለ 0 ሲያሸንፍ አንድም አላስገባም፣ ስለዚህ ጥፋቱን እሱ ላይ መጣል ልክ አይመስለኝም። ግን የ23ኛው ዋና ሐሳብ ትክክል ነው። ያልተነካ ነገር ዜና አይሆንም፣ ቡድኑን ቀጥ አድርጎ የያዘው ግን እሱ ነው።

24ኛው የተጋጣሚዎቹን አመጣ። ፍሎሪዳ ተከታታይ ሁለት ዋንጫ ወስዶ እንኳ ዋና ዋና ተጫዋቾቹን አልለቀቀም። ሳም ቤኔት በ8 ሚሊዮን፣ ኤክብላድ በ6.1፣ ማርሻንድ በ5.25 ፈረሙ። ሞንትሪያል ኖዋ ዶብሰንን ከኒውዮርክ አይላንደርስ አመጣ። ዲትሮይት ግብ ጠባቂውን ጆን ጊብሰንን ወሰደ። ምድቡ ሰፋ፣ እኛ ደግሞ ጠበብን አለ። አንደኛ ሆኖ መጨረስ የሚለውን ከአሁኑ እንርሳው ባይ ነው። እኔም ከምድቡ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ብዬ ነው የምገምተው።

25ኛዋ ደግሞ 3ኛዋ ናት፣ የአደባባዩዋ እናት። ልጇ ማሊያውን መልሶ ለብሶታል። 16 ቁጥሩን አንለውጥም ብሏል። እና ለሁላችን አንድ ጥያቄ አቀረበች፦ ኦክቶበር 8 ሞንትሪያል ቶሮንቶ ሲመጣ የመጀመሪያው ቅጣት ሲፈረድብን በረዶው ላይ ማን ይላካል?

7ኛዋ ሯና ላውተን አለች። 8ኛው ሯንና ናይስን መረጠ፤ ናይስ ገና ወጣት ነው፣ 7.75 የሚከፈለው ሰው ያንንም ይማር ብሎ። እኔ ሯና ኒላንደር ብያለሁ። ኒላንደር በዚያ ሥራ አይታወቅም። ግን እግሩ ፈጣን ነው፣ የተጋጣሚን ስህተት ከያዘ ብቻውን ግቡ ድረስ ይሄዳል። ማርነር ያንን ያደርግልን ነበር። 14ኛው እንኳ ተመልሶ መጥቶ ይሄ መጥፎ ሐሳብ አይደለም ብሏል።